የአጎቴ ፎቶ

ይድረስ እንደ እህት ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብሽ። መጀመሪያ ስልክሽን ሳላነሳ ቀረሁ፤ ከዚያ አፈርኩ፤ እያደር ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ያስጻፈኝ አንድ ፊልም ነው። የሳሌም መኩሪያ «የወንዝ ማዕበል»። አይተሽው ይሆን? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ ነው። ሳሌም እዚያው እናንተ አገር፣ አሜሪካ፣ ዌልስሊ ኮሌጅ ያስተማረች ናት። ከዚያ በፊት ሱዳን የተሰደዱ ሦስት ሴቶቻችንን ኑሮ «ስደት» ብላ ቀርጻለች። በዚህኛው የገባችው ወደ ራሷ ቤት ነው። የተማሪዎቹን ንቅናቄ፣ አብዮቱን፣ ቀይ ሽብርን የምታነሳው ደብዛው የጠፋውን ወንድሟንና የተገደለችውን የልብ ጓደኛዋን እያሰበች ነው። ስለዚያ ትውልድ ስንት ነገር አንብበናል! የዘመኑ ድርጅቶች፣ ኢሕአፓ እንዲህ አደረገ፣ መኢሶን እንዲህ አለ፣ ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል የእህት ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንጀቴን የበላው እሱ ነው።

እንዳለቀ እማዬ ጋ ሄድኩ። ቡፌው ላይ ያለውን ባለአፍሮ ልጅ ታስታውሺዋለሽ? «አጎትሽ ነው፣ በልጅነቱ ሞተ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። «እንዴት ሞተ?» አልኳት። ዝም። ሁለተኛውን ቡና እስክትቀዳ ዝም አለች። ከዚያ ጀመረች። በ1970 ዓ.ም. ሌሊት ከቤት ወስደውት ነው። ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ጥቁር መልበስም። አያቴ ማድቤት ገብታ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር የምታለቅሰው። ሰው ድንገት ቢገባ እንዳይጠረጥራት። «የምንሠራው ወጥ ሳይኖር ሽንኩርት እንከትፍ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ፎቶውን ከፍሬሙ አወጣችው። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ለእህቴ» ይላል። ጽሑፉ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

አሁን በየቅዳሜው በስልኬ እቀርጻታለሁ። ፊቴን አታሳዪ ስላለችኝ እጇን ብቻ ነው የምቀርጸው። ስኒ ስታጥብ፣ የነጠላዋን ጥለት ስታፍተለትል። ድምፅዋ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

አንድ ቀን አባትሽ ታስረው እንደነበር ነግረሽኝ፣ ወዲያው ወሬ ቀየርሽ። እኔም ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። ልትነግሪኝ ከፈለግሽ ልሰማሽ እፈልጋለሁ። እሁድ ማታ እደውላለሁ፤ ባንቺ ጠዋት ነው። አንሺልኝ።

ያንቺው እህት