ለተደረመሰው የጋራ መጸዳጃ ቤታችን መልሶ ግንባታ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎችና ወዳጆች፣

ባለፈው ክረምት በአንድ ሌሊት ዝናብ የመጸዳጃ ቤታችን የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ተደርምሶ ከአራቱ ክፍሎች ሁለቱን ይዞ መውረዱን ታስታውሳላችሁ። በማግስቱ ጠዋት ስንደርስ የእጅ መታጠቢያው ሳሙና በክሩ እንደተንጠለጠለ ነበር፤ ከሥሩ ግን ፍሳሹ መተላለፊያውን ይዞ ልጆች ውኃ ከሚቀዱበት ቦኖ ደርሶ ነበር።

«ገንዘባችን የት ገባ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የመስጠት ግዴታ አለብን። ያለፈው መዋጮ ለአራቱ ክፍሎች፣ ለእጅ መታጠቢያውና ለውኃ መስመሩ ውሏል፤ ደረሰኞቹን ሒሳብ መርማሪ አይቷቸዋል፤ ማንኛችሁም መጥታችሁ ማገላበጥ ትችላላችሁ። የጉድጓዱን ግድግዳ እስከ ታች በድንጋይና በሲሚንቶ ሳናስገነባ የቀረነው ገንዘብ ስላጠረን ነው። የጣሪያውን ውኃ የሚያርቅ ቦይ ባለመኖሩም አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ተናደ። የአሁኑ ዕቅድ ሁለቱንም ያካትታል። ያም ሆኖ መጸዳጃ ቤቱ አገልግሎት በሰጠባቸው ዓመታት እናቶችና ልጃገረዶች ጨለማን ጠብቀው ሜዳ መውጣት ቀርቶላቸው ነበር፤ ዛሬ ተመልሰውበታል።

በፓኪስታን፣ ካራቺ ከተማ፣ ኦራንጊ በተባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ነዋሪዎች በየመተላለፊያቸው ተደራጅተው የፍሳሽ መስመራቸውን በራሳቸው ገንዘብ ሲዘረጉ፣ ዋናው መስመር የመንግሥት ድርሻ እንዲሆን አድርገዋል። የእኛም ስምምነት ከዚህ አይለይም፤ ግንባታው የእኛ ነው፣ ጉድጓዱን ማስመጠጥ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ የንጽሕና ትምህርቱ የጤና ባለሙያዎቹ ነው። መምጠጫ መኪና በጠባቡ መተላለፊያ ስለማይገባ አዲሱ ጉድጓድ በሰፊው መንገድ ጠርዝ ይቆፈራል።

በተጠጋጋ ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ብቻውን ንጹሕ ሆኖ ከበሽታ አይተርፍም። ኮሌራና ተቅማጥ በተበከለ ውኃ ይተላለፋሉ፤ የወስፋት እንቁላል ደግሞ በእርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ዛሬ የፈሰሰው ገና ያልተወለደ ልጅ የሚድህበትን መሬት ይበክላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ንጹሕ ውኃንና የአካባቢ ንጽሕናን ሰብዓዊ መብት ብሎ ተቀብሏል፤ መብት ነው ብለን ግን ቀጣዩን ክረምት እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅም። ሁላችንም በየእምነታችን የጎረቤት ሐቅ እንዳለብን ተምረናል።

ተደጋግሞ መጠየቅ እንደሚያሰለች እናውቃለን፤ እኛም ደክሞናል። እስካሁን የተሰበሰበው ለድንጋዩ ብቻ ይበቃል፤ ሲሚንቶው፣ ብረቱና የቆፋሪዎቹ ደመወዝ ይቀራል። መዋጮ የምትከፍሉት ሦስት ፈራሚዎች በጋራ በሚያንቀሳቅሱት የኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በኮሚቴው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል። በኮሚቴው ስም ጥሬ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ አትስጡ። አሁንም ደግመን እናሳስባለን፦ በጋራ ሒሳቡ ብቻ፣ የቤት ቁጥራችሁን አስፍራችሁ፣ ዝናቡ ሳይገባ ክፈሉ፤ የባንክ ደረሰኛችሁንም አትጣሉ።

የመጸዳጃ ቤቱ አሠሪ ኮሚቴ