እህት ዓለሜ፣ ስለ ሞድላሮይት ልንገርሽ

እህት ዓለሜ እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ አባባስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? መቼም ማን ጠፋ ማን ዝም አለ የሚለውን ክርክር ብንጀምረው አንጨርሰውም፣ አንቺም ኑሮ እኔም ፈረቃ፣ እንዲሁ ዓመቱ እየተከታተለ ነጎደ። በዓል ሲመጣ ዋትሳፕ ላይ አበባና ሻማ መላላክ እንደ ጨዋታ አይቆጠርም ብዬ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ የተነሳሁት። ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

እኔ አሁንም ሆፍ ነኝ፣ አሁንም የአረጋውያን ቤት ነው የምሠራው። ሆፍ ባየርን የሚባለው የጀርመን ክፍለ ሀገር ሰሜን ጫፍ ናት፣ ብርዷ ሌላ ነው፣ ጀርመኖቹ ራሳቸው አካባቢውን የባየርን ሳይቤሪያ እያሉ ነው የሚቀልዱበት። እና ከምንንከባከባቸው አንዲት እናት አሉ፣ ገበሬ የነበሩ፣ እጃቸው አሁንም የገበሬ እጅ ነው፣ ጸጉራቸውን ሳበጥር ወሬ ይወዳሉ። አንድ ቀን "ሞድላሮይት ሄደሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። ስሙንም ሰምቼው አላውቅም። "ሃያ ደቂቃ አይፈጅም እኮ፣ ሂጂና እይው" አሉኝ፣ ሄድኩ።

ምን ልበልሽ፣ መንደር ነው ለማለት ራሱ ይከብዳል። ሃምሳ ሰው ቢኖር ነው፣ ጎተራ፣ የከብት በረት፣ ኩሬ፣ ትራክተር፣ እበት እበት የሚል ሽታ (ደስ ነው ያለኝ፣ አትሳቂ)። በመሃል ታንባኽ የሚባል ጅረት ያልፋል፣ ጅረት ስልሽ ደግሞ እኔ በዚህ ቁመቴ ቀሚሴን ሰብስቤ የምሻገረው ነው። በዚች ውሃ ምክንያት ነው ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 1810 የባየርን ንጉሥና ወዲያ ማዶ ያሉት የሮይስ መሳፍንት ግዛታቸውን ሲለዩ ድንበሩን በጅረቷ ላይ አደረጉት፣ ዳርና ዳር ድንጋይ ተከሉ፣ አለቀ። ገበሬው ምን ገዶት! ትምህርት ቤቱና መጠጥ ቤቱ በወዲያኛው በኩል ነበሩ፣ ለእሁድ ጸሎት ደግሞ ሁሉም ወደ ባየርን ቶፐን ይሄዳል፣ ይጋባሉ፣ ይዋዋሳሉ፣ ድንበር የሚባለው የቀረጥና የወረቀት ነገር ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ኖሩ። ከሁለተኛው ዓለም ጦርነት በኋላ ግን ወዲያ ማዶ ያለው ቱሪንገን ለሩሲያ ደረሰ፣ ወዲህ ያለው ባየርን ለአሜሪካ፣ ያቺ ጅረት ደግሞ በመሃላቸው ሆና ቀረች። በ1949 ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ሁለት ጀርመን ሲታወጅማ አንድ መንደር ሁለት አገር ሆነ በይው።

መጀመሪያ ላይ ቢያንስ የመሻገሪያ ወረቀት ነበራቸው፣ ማዶ ያለ እርሻህን አርሰህ ትመለሳለህ። በግንቦት 1952 ግን ምሥራቆቹ ጠረቀሙት። ከድንበሩ አሥር ሜትር መሬቱ ታርሶ ባዶ ተደረገ፣ አምስት መቶ ሜትር ጥብቅ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ደግሞ ያለ ፈቃድ የማይገባበት ሆነ። በሰኔ "የማይታመኑ" የተባሉ የድንበር ቤተሰቦችን ከነዕቃቸው እየጫኑ ወደ መሃል አገር ወሰዷቸው፣ የዘመቻውን ስም ምን ብለው እንዳወጡት ታውቂያለሽ? ተባይ! በ1961 ድጋሚ መጡ፣ በሁለቱ ዙር በጠቅላላው ድንበር ላይ ከአሥር ሺህ ሰው በላይ ነው የተነቀለው። ሞድላሮይት ላይ መጀመሪያ የጣውላ አጥር ነበር፣ በ1966 ሦስት ሜትር ከሰላሳ ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግንብ ቆመ፣ ሰባት መቶ ሜትር ርዝመት፣ ማማ፣ ውሻ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ፓውዛ። አሜሪካኖቹ ትንሿ በርሊን ብለው ስም አወጡላት።

ግንቡን እንኳን ቀደም ብዬ በፎቶ በርሊን ሁሉ ስላየሁት ብዙም አልደነቀኝም። እኔን የገረመኝ ሰላምታው ነው። በምሥራቅ በኩል ያለ ሰው ማዶ ላለ ዘመዱ እጁን ማውለብለብ ተከልክሎ ነበር። ከባየርን በኩል ትጮኺያለሽ፣ ታውለበልቢያለሽ፣ ማንም አይልሽም፣ እነሱ ግን ያዩሻል፣ አንገታቸውን ደፍተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ምክንያቱም ማማው ላይ ያለው ልጅ ይጽፈዋል። የኔዋ እናት እንዳሉኝ እናታቸው በምሥራቅ በኩል ዘመድ ነበረቻቸው፣ ዘመድየዋ ልብስ ስታሰጣ እናታቸው አቅጣጫዋን ይዘው ቆመው ያዩዋታል፣ እሷም አንሶላውን ሁለቴ ታራግፈዋለች። ያቺ ሁለተኛዋ ናት ሰላምታ። ይሄን ሲነግሩኝ ማበጠሪያውን ይዤ ቀረሁ።

ያቺ ከአስመራ የመጣችው ጎረቤታችን ትዝ አለችኝ፣ በኛ 2010 ሐምሌ ስልኩ የተከፈተ ጊዜ እህቷን አግኝታ ሰፈሩ ሁሉ በእልልታ የቀለጠው። ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፅ ሳይሰማ፣ እሱም እኮ አንድ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ነው።

ለአባባ ደግሞ ይቺን ንገሪልኝ። የምሥራቁ ገበሬ በ1960 ጸደይ ላይ ወደደም ጠላም የኅብረት ሥራ ውስጥ ገባ፣ ኤልፔጌ ነው የሚሉት፣ ሲያስረዱኝ ጆሮዬን ነው የተጠራጠርኩት፣ ልክ እንደኛ የደርግ ጊዜ የገበሬ ኅብረት ሥራ፣ መልባ ወልባ እንደሚባለው፣ ደረጃ ደረጃ አለው! አንደኛው መሬቱን ብቻ ማዋሃድ፣ ሦስተኛው ላሙንም ማሽኑንም ማስረከብ። አባባ አርሲ እያሉ ያወሩን የነበረው እኮ ይሄው ነው። ለነገሩ ምን ይገርማል፣ ያኔ ደርግ ቡና እየላከ ከምሥራቅ ጀርመን መኪናውንም መሣሪያውንም ያመጣ አልነበር፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለው የማርክስ ሐውልት ራሱ የነሱ ስጦታ ነው፣ ስንት ቀን ነው ሥሩ ቁጭ ብለን ቆሎ የበላነው።

እና የሚገርምሽ ዛሬም ማሳውን አይተሽ ድንበሩ የት እንደነበር ትለያለሽ። በቱሪንገን በኩል መሬቱ ዓይንሽ እስኪደክም አንድ ወጥ ነው፣ የድሮው ኅብረት ሥራ ስሙን ለውጦ እንደ ትልቅ ድርጅት ስለቀጠለ፣ በባየርን በኩል ደግሞ ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ፣ የእገሌ የእገሊት ነው። ፖለቲከኛ ከሚያወራው ይልቅ እኔ እሱን አምናለሁ።

ፖለቲከኛ ካልኩሽ፣ በ1983 የካቲት ቡሽ (አባትየው፣ ያኔ ምክትል ነበር) መጥቶ በጀርመንኛ "እኔ የሞድላሮይት ሰው ነኝ" ብሎ ሄደ፣ «እኔ የበርሊን ሰው ነኝ» ያለውን ኬኔዲን መቅዳቱ ነው እንግዲህ። በምዕራብ በኩል በአውቶቡስ እየተጫኑ ግንብ የሚያዩ እንግዶች ይመጡ ነበር። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ሰርግ ብትደግሺ ለአክስትሽ ልጅ ቀድመሽ ፈቃድ ማስጨረስ አለብሽ፣ የገዛ አገሩ ሰው እኮ ነው! በ1973 አንድ ሰው ብቻ በመኪናው ጣሪያ ላይ መሰላል አቁሞ ዘሎ አምልጧል፣ ጎበዝ።

በርሊን ከተከፈተ በኋላ እንኳ እነሱ አንድ ወር ጠበቁ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 9 ቀን 1989 ነው ለእግረኛ የሚሆን መተላለፊያ የተከፈተላቸው። በሰኔ 1990 ኤክስካቫተር መጥቶ አፈረሰው፣ ትንሽ ለማስታወሻ ተትቷል፣ አሁን ሙዚየም ነው።

አሁን አንድ ሆኑ ወይ ብትይኝ፣ በወረቀት አልሆኑም! ክፍለ ሀገሩ አሁንም ሁለት ነው፣ ግማሹ መንደር በቱሪንገኗ ጌፌል ይተዳደራል ግማሹ በባየርኗ ቶፐን፣ ሁለት ከንቲባ፣ ሁለት የፖስታ ቁጥር፣ ሁለት የስልክ መነሻ፣ የመኪና ታርጋው ሳይቀር። በዓሉ ደግሞ የባሰ ነው፣ ኦክቶበር 31 የቱሪንገኑ ሰውዬ እረፍት ነው የባየርኑ ሥራ ይገባል፣ በማግስቱ ይገለበጣል፣ እሱ ሲሠራ ያኛው ተኝቶ ያረፍዳል። እኔ ብሆን ሁለቱንም አከብር ነበር። የኔዋ እናት ግን "ለውጡት ብንባልም አንፈልግም፣ ለመደብን፣ ዋናው መሻገሩ ነው" ነው ያሉኝ።

እና ቪዛው ከተሳካልሽ በግንቦት ነይ፣ ኑርንበርግ ድረስ በባቡር እመጣና እቀበልሻለሁ፣ ሞድላሮይትም እወስድሻለሁ፣ ጅረቷንም ዘለሽ ታያለሽ። ሽሮ በደንብ አስፈጪና ያዢ፣ በርበሬው ግን እንዳይበዛ፣ ካለፈው የመጣልኝ አላልቅ ብሎኛል። አባባን ደግሞ አደራ ጠይቂልኝ፣ በሬዎቻቸውን ያስረከቡት በመልባ ነው በወልባ? ለእናቴ ማለቴ ለበሽተኛዬ ልነግራቸው ቃል ገብቻለሁ፣ በየቀኑ ነው የሚጠይቁኝ።

ያንቺው