የጌማችሁ ቀለም ከፈዘዘ፣ ገመድ ከመቀየራችሁ በፊት

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

የጌም ማጫወቻውን ኮንሶል ከቲቪው ጋር ስታገናኙት ቀለሙ እንደታጠበ ጨርቅ ለቆ እንደሚታያችሁ ብዙዎቻችሁ ትነግሩናላችሁ። ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ቀዩ ይገረጣል፣ ጨለማ መሆን ያለበት ቦታ ጭጋግ የወረደበት ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ዕቃ የለም። ሁለቱ ዕቃዎች አልተግባቡም እንጂ። ለጥገና ከማምጣታችሁ በፊት ቤታችሁ ሆናችሁ ልታስተካክሉት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ኮንሶሉን ተዉትና ቲቪው ራሱ ላይ ካለው አፕ አንድ ቪዲዮ ክፈቱ። እዚያ ቀለሙ ደህና ከሆነ ስክሪኑ ጤነኛ ነው። ችግሩ ከኮንሶሉ በሚመጣው ምስል ላይ ነው ማለት ነው።

ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ምስሉ ከኮንሶሉ ወደ ቲቪው የሚሄደው በቁጥር ነው፤ የቁጥሩ አሰጣጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። በቴሌቪዥንና በፊልም የተለመደው፣ «ሊሚትድ» የሚባለው፣ ጥቁርን 16፣ ነጭን 235 ይለዋል። ከኮምፒውተር የመጣው «ፉል» ደግሞ ጥቁርን 0፣ ነጭን 255 ይለዋል። ኮንሶሉ በሊሚትድ እየላከ ቲቪው በፉል ከተቀበለ 16 ጥቁር መሆኑ ይቀርና ግራጫ ይሆናል። 235ም ደመቅ ያለ ነጭ አይሆንም። ቀለሙ የሚፈዘው በዚህ ነው። ነገሩ ሲገለበጥ፣ ማለትም ኮንሶሉ ፉል ቲቪው ሊሚትድ ሲሆን፣ ጥላ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በጥቁር ይዋጣል።

ስለዚህ ሁለቱንም አንድ አድርጉ። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ስክሪን ኤንድ ቪዲዮ» ግቡ፣ ከቪዲዮ አውትፑት ሥር ሊሚትድ ወይም ፉል የምትመርጡበት «አርጂቢ ሬንጅ» አለ። ኔንቲዶ ስዊች ላይም በቲቪ ማስተካከያው ውስጥ በዚሁ ስም ታገኙታላችሁ። ኤክስቦክስ «ከለር ስፔስ» ይለዋል፤ እዚያ «ስታንዳርድ» ማለት ሊሚትድ፣ «ፒሲ አርጂቢ» ማለት ፉል ነው። ቲቪው ላይ ደግሞ ሳምሰንግና ኤልጂ «ብላክ ሌቭል» ብለው ያስቀምጡታል፤ «ሎው» ለሊሚትድ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም አውቶማቲክ ላይ አድርጉና እዩ። ካልሆነ በእጃችሁ ሁለቱንም ሊሚትድ አድርጓቸው። ለቲቪ ይሄ ይበቃል። ፉል ስለተባለ ብቻ የተሻለ ምስል አይመጣም።

አደራ፣ ይህን ሳታስተካክሉ ኮንትራስትና ከለር እየጨመራችሁ ለማካካስ አትሞክሩ። ጥቁሩ ቦታው ካልተመለሰ የሚጨመረው ቀለም የሰዉን ፊት ብርቱካን ያስመስለዋል እንጂ ምስሉን አያድነውም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ኤችዲአር፣ ማለትም በምስሉ ብሩህና ጨለማ ቦታዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሰፋው አሠራር ነው። ኮንሶሉ ላይ አጥፉትና እዩ። ቀለሙ ከተመለሰ ጥፋቱ እዚያ ነው። ገመዱ የተሰካበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ኤችዲአርን እንዲቀበል ቲቪው ላይ መከፈት ይኖርበት ይሆናል፤ ሳምሰንግ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»፣ ኤልጂ «ዲፕ ከለር»፣ ሶኒ «ሲግናል ፎርማት» ይሉታል። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ደግሞ «ሁልጊዜ» ከሚለው ይልቅ «ጌሙ ሲደግፍ ብቻ» የሚለውን ምረጡ፤ ለኤችዲአር ያልተሠሩ ጌሞች በግድ ሲለወጡ ነጣ ሊሉ ይችላሉ። የስክሪኑ ብርሃን ደካማ የሆነ ቲቪ ላይ ግን ኤችዲአርን ጨርሶ ብታጠፉት ይሻላል ባዮች ነን።

የቲቪው ኃይል ቆጣቢ ሙድም ምስሉን ያደበዝዛል፣ እሱንም አጥፉት።

ገመድን በተመለከተ በግልጽ እንንገራችሁ፦ የኤችዲኤምአይ ገመድ ቀለም አያፈዝም። ሲበላሽ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ነጠብጣብ ያበዛል፣ ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ቀለሙ ስለፈዘዘ ብቻ ውድ ገመድ ልትገዙ ብትመጡ አንሸጥላችሁም፣ መጀመሪያ ሴቲንጉን እንጠይቃችኋለን።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተስተካከለ ኮንሶሉን ሌላ ቲቪ ላይ ሞክሩት። እዚያም ከፈዘዘ ያኔ ይዛችሁት ኑ። የኮንሶሉንና የቲቪውን ሴቲንግ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ብትመጡ ሥራችንን ታቀሉልናላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍላችን