የሕግ ተማሪዎች ተነሳሽነት ይታሰብበት

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ስለ ሕግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ውጤት ብዙ ይባላል፤ ተማሪዎቹ በአምስቱ የትምህርት ዓመታት ስለሚገኙበት የመንፈስ ሁኔታ ግን እምብዛም አይነሳም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኬነን ሼልደንና የሕግ መምህሩ ላውረንስ ክሪገር እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ለትምህርቱ ያላቸው ውስጣዊ ፍላጎት እየቀዘቀዘ፣ ደስታቸውም እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ግኝት ነው፤ ሁለት ትምህርት ቤቶችን ሲያነጻጽሩ፣ ተማሪዎች መምህራን አስተያየታችንን ያደምጣሉ፣ ምርጫም ይሰጡናል ብለው በሚያምኑበት ትምህርት ቤት የመንፈስ ደኅንነታቸው መቀነስ አነስተኛ ከመሆኑም በላይ፣ በጥብቅና ፈቃድ ፈተናም የተሻለ ውጤት ተመዝግቧል። እንግዲህ ተማሪን ማክበር የትምህርትን ጥራት ያላላል የሚለው ስጋት በዚህ ማስረጃ ፊት አይጸናም።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚገኙት የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ባለጉዳይ አቤቱታ ሲዘጋጅለት አጠገቡ የተቀመጠ ተማሪ፣ የሚያጠናው ድንጋጌ ለማን እንደሚጠቅም በዓይኑ ያያል። የሕግ ትምህርት ቤቶች ኃላፊዎች ይህን ዕድል ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ብቻ ሳያቆዩ፣ ቢያንስ በታዛቢነት ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ እንዲከፍቱት፣ መምህራንም ከፈተና ነጥብ ጋር የጽሑፍ አስተያየት እንዲሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የሕግ መምህር