በሜሪላንድ ለሞንጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤትና ለካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ጽሕፈት ቤት፦ ስለ ምግብ ዕደላ በጀት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራትና ክቡራን፣

እኔ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ስሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በሚካሄድ የምግብ ዕደላ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የምግብ እርዳታውን በቀነሰበት በዚህ ወቅት፣ ካውንቲው ለምግብ ባንኮችና ከእነርሱ ተቀብለው ለሚያድሉ ትንንሽ ማዕከላት የሚመድበውን ገንዘብ እንዲጨምር በትሕትና እጠይቃለሁ።

በማርች 2025 የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት፣ የምግብ ባንኮች ከአካባቢ ገበሬዎች ምርት እንዲገዙ ሊሰጥ የነበረውን ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ድጋፍ ሰረዘ። ጎመን፣ ድንችና ካሮት የሚገዛው እንዲህ ባለ ገንዘብ ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ 4 የተፈረመው ሕግ ደግሞ ስደተኞችና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ፉድ ስታምፕ (መንግሥት ለምግብ መግዣ የሚሰጠውን እርዳታ) እንዳይወስዱ ከለከለ፤ ከ55 እስከ 64 ዓመት ያሉ ብዙ ሰዎችንም ይህ እርዳታ እንዳይቋረጥባቸው በወር 80 ሰዓት ስለ መሥራታቸው ማስረጃ እንዲያቀርቡ አስገደደ። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግሪን ካርድ የሚሰጠው ቢያንስ አንድ ዓመት ከኖረ በኋላ በመሆኑ፣ እርዳታው የሚቋረጠው አዲስ ሕይወት በሚጀምርበት፣ እጅግ በሚያስፈልገው ጊዜ ነው። በእኛ በአማርኛ ተናጋሪዎች ማኅበረሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተ ዘመድ ጥቂት ነው። በኖቬምበር 2025 መንግሥት ተዘግቶ ፉድ ስታምፕ በዘገየ ጊዜም ብዙ ቤተሰቦች ዞር ብለው ያዩት ወደ እነዚሁ ማዕከላት ነበር።

የካውንቲው ካዝናም እንደ ተጨነቀ አውቃለሁ፤ ከሥራ የተሰናበቱት የፌዴራል ሠራተኞች ግብር ከፋዮቻችሁ ናቸው። ቢሆንም፣ ከሚመደበው ገንዘብ ላይ ጥቂቱ እንኳ በቀጥታ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ማዕከላት ቢደርስ፣ ሕዝቡ የሚበላውን መግዛት ይቻላል። በዐቢይ ጾም አንዲት እናት የዶሮ ጣሳውንና አይብ ያለበትን ማካሮኒ ከሳጥናቸው አውጥተው «ልጄ፣ ይህን ለሚበላው ስጪልኝ» ብለው፣ ምስርና ሩዝ ብቻ ይዘው ሲሄዱ አይቻለሁ። የአሳማ ሥጋ የገባበትን የባቄላ ጣሳ የሚመልሱ ሙስሊም ወገኖቻችንም አሉ። ምስር፣ አተር ክክ፣ ሽንኩርት፣ ዘይትና ዱቄት ውድ ነገሮች አይደሉም፤ የሚቀመጡም ናቸው። አትክልቱ እንዳይበላሽ ማቀዝቀዣ፣ መኪና ለሌላቸው አረጋውያን ደግሞ ቤት ድረስ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ በጎ ፈቃደኛ አናጣም፤ የቸገረን የቤንዚኑ ገንዘብ ነው።

በጀቱ ሜይ መጨረሻ ላይ ከመጽደቁ በፊት በሚደረገው ሕዝባዊ ስብሰባ፣ ምግቡን የሚወስዱት ሰዎች ራሳቸው በአማርኛ አስተርጓሚ ቀርበው እንዲናገሩ፣ ሰዓቱም የቀን ሥራ ለማይለቃቸው እንዲመች ወደ ምሽት እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ