ተሳቢ መጎተት እንደሚችል ተነግሮኝ ስለገዛሁት ፒክአፕ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ከድርጅታችሁ ደብል ካቢን ፒክአፕ ከመግዛቴ በፊት ለሽያጭ ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቤ ነበር፤ መኪናው ባለ 2,000 ሊትር የውሃ ሮቶ የተጫነበት ተሳቢ ይዞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ይችላል ወይ? የግንባታ ሥራችን ቁልቁለቱ ላይ እንደሆነ፣ ሠራተኞችና ሲሚንቶም እንደምንጭን ገልጫለሁ። የተሰጠኝ መልስ «3.5 ቶን ይጎትታል፤ ምንም አያስቡ» የሚል ነበር። ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበትን ጋንቾ የበየደውም የራሳችሁ ጋራዥ ነው።

መኪናው ቁልቁለቱን እንደጀመረ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ ግራና ቀኝ ያወዛውዘው ጀመር። የኋላው ባሌስትራ ተደፍቶ የፊቱ ስለተነሣ መሪው ቀለለ፤ ፍሬኑም ተቃጥሎ ሸተተ። ሾፌራችን በአንደኛ ማርሽ ይዞ፣ ዳር አስጠግቶ በጭንቅ አቆመው። መንገዱ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ጠመዝማዛ ነው፤ ጋቢናው ውስጥ ደግሞ አምስት ሰዎች ነበሩ። እስካሁን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኸው ነው።

3.5 ቶን የተባለው ቁጥር የሚሠራው የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው። ፍሬን ለሌለው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚፈቅደው 750 ኪሎ ብቻ ነው። የእኛ ተሳቢ ባዶውን 600 ኪሎ ይመዝናል፤ ውሃው ሲሞላበት 2,600 ኪሎ ይሆናል። ፍሬን እንደሌለው ጋንቾውን የበየደው ባለሙያችሁ በዓይኑ አይቷል።

ተሳቢው ፍሬን ቢኖረው እንኳ ሒሳቡ አይገጥምም። በሾፌሩ በር ጥግ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ የመኪናው ጠቅላላ ክብደት ከ2,900 ኪሎ እንዳያልፍ ተጽፏል። ባዶ ክብደቱ 2,050 ስለሆነ የሚቀረው 850 ኪሎ ነው። አምስት ሰው 350 ኪሎ፣ ስምንት ከረጢት ሲሚንቶ 400 ኪሎ፣ በዚህ ላይ ተሳቢው ጋንቾው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት አለ፤ ይህም ከተሳቢው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል፣ ማለትም 260 ኪሎ ነው። ድምሩ 1,010 ይመጣል፤ ከተፈቀደው በ160 ኪሎ ይበልጣል። ይህን ለመደመር ወረቀትና እርሳስ በቂ ነበር። የምንጭነውን አስቀድሜ ነግሬአችሁ ሳለ ከሽያጭ ክፍላችሁ አንድም ሰው አልደመረውም።

ጋንቾው ራሱ ስንት ኪሎ እንደሚችል የሚገልጽ ምልክት የለውም። ጋራዣችሁን ብጠይቅ «ወፍራም ብረት ነው» ከማለት ሌላ መልስ አላገኘሁም።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ስለዚህ የተበየደው ጋንቾ ተነሥቶ አቅሙ በሰሌዳ በተረጋገጠ እንዲተካልኝ፣ ለተሳቢው በእናንተ ወጪ ፍሬን እንዲገጠምለት፣ የተቃጠለው የመኪናው ፍሬንም እንዲቀየር እጠይቃለሁ። ከዚህም ጋር መኪናው ሰውና ዕቃ ጭኖ ምን ያህል መጎተት እንደሚችል በፊርማና በማኅተም የተረጋገጠ ጽሑፍ እንዲሰጠኝ እፈልጋለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ መኪናውን ተረክባችሁ ገንዘቤን መልሱልኝ። ውሃውን አሁን በኪራይ ቦቴ እያመላለስን ስለሆነ መልሳችሁን በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናው ገዢ

ግልባጭ፦
ለንግድ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል