ከጫጩት ያነሰ ጆሮ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሞቱ የጆሮ ህዋሳትን መልሶ ማብቀል ተቻለ የሚለውን ጽሑፋችሁን ባለፈው ሳምንት አነበብኩ። ርዕሱን ሳይ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ነገሩ የተሳካው በአይጥ መሆኑን ያገኘሁት ግን መጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው። ምነው እሱን ቀድማችሁ ብትነግሩኝ!

እኔ 23 ዓመት ብረት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግራይንደሩ ሲጮህ ጆሮዬን የሸፈንኩበት ቀን ጥቂት ነው። አሁን ማታ ማታ ጆሮዬ ጭው ይላል። ቀጫጭን ድምፆች ጠፍተውብኛል። ልጄ «ውሃው ፈሰሰ» ስትለኝ «ማን ነው የከሰሰው?» ብዬ እደነግጣለሁ። እሷ ትስቃለች፤ ውሃው መፍሰሱን ይቀጥላል።

አንዱ ጆሯችን ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ፀጉራም ህዋሳት 15 ሺህ ገደማ ናቸው። ገና እናታችን ሆድ ውስጥ ሳለን ተሠርተው ያልቃሉ። ከዚያ ወዲያ የሞተው ሞተ፣ ተተኪ የለውም። አሠራራቸው ግን ይገርማል። አቶህ-1 የሚባል ጂን አለ (ማዕረግ እንዳይመስላችሁ)። እሱ አንዱን ህዋስ ፀጉራም ያደርገዋል። ያ ህዋስ ደግሞ ጎረቤቶቹን «እናንተ እንደ እኔ እንዳትሆኑ» ብሎ ይከለክላል። የተከለከሉት ደጋፊ ሆነው ዙሪያውን ይቆማሉ።

ጫጩት ላይ ፀጉራሙ ሲሞት ክልከላው ይነሳል። ደጋፊው ተከፍሎ፣ ወይም ራሱ ተለውጦ፣ ቦታውን ይይዛል። ወፎች ይህን እንደሚችሉ የታወቀው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። አይጥ ግን ይህ አቅም ያላት በተወለደች ሰሞን ብቻ ነው፤ እሱም በጥቂቱ። ካደገች በኋላ ያንን ጂን ቢጨምሩላት እንኳ ደጋፊዎቹ በአብዛኛው እሺ አይሉም። እሺ ያለውም ቢሆን ፀጉሩ በወጉ መደርደር፣ ከነርቭ ጋርም መገናኘት አለበት። እኔ ብረት ከብረት ስበይድ ኖሬ፣ ይሄኛው ብየዳ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ፀጉራሞቹን መልሶ ለማብቀል የታሰበ፣ በጆሮ ታምቡር በኩል የሚወጋ አንድ መድኃኒት በሰው ላይ ተሞክሮ፣ መድኃኒት ከሌለው መርፌ አልተሻለም።

ዜናውን አታውጡ አልልም። ተመራማሪዎቹም ይበርቱ፣ እኔም እጠብቃለሁ። በሚቀጥለው ግን የአይጧን ዕድሜ መጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉልኝ። እኔ 58 ዓመቴ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የብረት ሠራተኛ አንባቢያችሁ